ከጀርባ የሚቀዳው ውኃ ምን ይናገራል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ጥቂት ጠብታ ውኃ ነው። ከቧንቧ የሚቀዳ እንዳይመስላችሁ፤ ከሰው ጀርባ የሚቀዳ ነው። ይህ ውኃ ስለ አንጎላችን ብዙ ይናገራል። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይላል፤ ያኔ ዝምታውን ማንበብ የባለሙያ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ እንዳውቅ ያደረገኝ በአጎቴ ላይ የደረሰው ነው። ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀደልኝም እሱው ነው፤ ስሙን ግን አልጠቅስም።

አትክልት ተራ፣ 1999 ዓ.ም.

ያደግሁት አትክልት ተራ አጠገብ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ስለተዛወረ፣ ከእናንተ መካከል በድሮ ቦታው የማያውቀው ይኖራል። በእኛ ጊዜ ከፒያሳ ወደ መርካቶ ስትወርዱ የፈረጠ ቲማቲምና የረገፈ ጎመን ሽታ ከሩቅ ይቀበላችሁ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አይሱዙው ይደረደራል፣ ደላላው ይጮሃል፣ ጫኝና አውራጁ የድንች ጆንያ ተሸክሞ "ዞር በል! ዞር በል!" እያለ በጭቃው መሃል ይሮጣል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከነዚህ አንዱ ነበር።

እኔ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። አጎቴን ራስ ምታት ያዘው። መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። "ምች ነው" ተባለና ዳማከሴ ታሽቶ ተሰጠው። የህመም ማስታገሻ እየዋጠ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆንያ ተሸከመ። በሦስተኛው ሳምንት ያስመልሰው፣ ብርሃን ያስጠላው ጀመር። አንድ ቀን ማታ "እትዬ፣ ሁለት ሆነሽ ነው እኮ የምትታዪኝ" ሲላት እናቴ ደነገጠች፤ በማግስቱ ሐኪም ቤት ይዘነው ሄድን።

ሐኪሙ መረመረውና እናቴን እንዲህ አላት፦ "እናት፣ የወንድምዎ ሕመም የአንጎል ሽፋን ብግነት ሊሆን ይችላል። ለማወቅ ከጀርባው ትንሽ ውኃ ቀድተን ማየት አለብን። ፈቃድዎን እንፈልጋለን።"

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት የሚመጣው። ገበያ ውስጥ "ከጀርባው ውኃ የተቀዳ ሰው አይነሳም፣ ሽባ ይሆናል" ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። የእናቴን ነጠላ ጎትቼ "እማዬ፣ እንዳትፈርሚ! ሽባ ያደርጉታል!" አልኳት። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ በቤታችን የተማርኩት እኔ ነበርኩ። አመነችኝ። አልፈርምም አለች።

ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአራተኛው ቀን አንዲት ነርስ እናቴን ወደ ጥግ ወስዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረቻትና በጣቷ ጀርባዋን እየነካች አስረዳቻት። "ዋናው የነርቭ ገመድ እዚህ ላይ ያበቃል፤ መርፌው የሚገባው ከዚህ በታች ነው።" እናቴ ትንሽ አሰበችና አሻራዋን አሳረፈች።

መርፌው የሚገባው የት ነው?

ነርሷ ያለችው ትክክል ነው። በባዮሎጂ እንደተማራችሁት ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደው የነርቭ ገመድ ህብለ ሰረሰር ይባላል። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር እስከ መቀመጫ አይደርስም። በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ እንደ ፈረስ ጭራ የተበተነ የነርቭ ክር ነው። ሐኪሙ መርፌውን የሚያስገባው በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። ክሮቹ ደግሞ መርፌ ሲመጣ ገለል ይላሉ። ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ክዊንከ እ.ኤ.አ. በ1891 ካስተዋወቀ ወዲህ በመላው ዓለም ሲሠራበት ኖሯል።

ጉዳት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ከተቀዳ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ራስ ምታትና የወገብ ሕመም የሚሰማው ሰው አለ። አንጎሉ ውስጥ እብጠት ያለበት ወይም ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ መጀመሪያ ያንን ያጣራል።

ታዲያ "ሽባ ያደርጋል" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ይህን ምርመራ የሚታዘዝለት በጣም የታመመ ሰው ነው። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ በሽታው ራሱ ያሽመደምደዋል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ሰፈር ያየው ግን መርፌውን ነው። ስለዚህ በሽታው የሠራውን ጥፋት መርፌው ተሸከመው።

ውኃው ምንድነው?

አንጎላችንና ህብለ ሰረሰራችን በንጹህ ውኃ መሰል ፈሳሽ ተከበው ነው የሚኖሩት። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ሰውነታችን ግን በቀን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ያመርታል። ይህም ማለት ፈሳሹ በቀን ሦስት ጊዜ ከዚያም በላይ ይታደሳል። ለምርመራ ጥቂት ሚሊ ሊትር ቢቀዳ ሰውነት ቶሎ ይተካዋል።

ጤነኛ ፈሳሽ ኩልል ያለ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ5 የማይበልጡ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኙበታል። ፕሮቲኑም ጥቂት ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ከ15 እስከ 45 ሚሊ ግራም። በደማችን ፈሳሽ ውስጥ ግን በዚያው ልክ 7,000 ሚሊ ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ልዩነቱን አያችሁት? በደምና በአንጎል መካከል ጠንካራ ኬላ ስላለ ነው። ኬላው ሁሉንም አያሳልፍም። ስለዚህ በዚያ ንጹህ ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲን ሲበዛ አንድ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። ግን ምን?

የሙዝና የጎመን ነገር

የአትክልት ተራ ልጅ ስለሆንኩ በገበያ ምሳሌ ላስረዳችሁ። አዲስ አበባን እንደ አንጎላችን ፈሳሽ ቁጠሯት። ከከተማው ውጪ ያለውን አገር ደግሞ እንደ ደም። በመካከላቸው ኬላ አለ።

ሙዝ አዲስ አበባ አይበቅልም፤ ከአርባ ምንጭ በመኪና ነው የሚመጣው። ስለዚህ ገበያው በሙዝ ከተጥለቀለቀ ኬላው ልል ሆኗል ማለት ነው። ጎመንስ? ጎመን ከውጭም ይመጣል፣ በከተማው ወንዞች ዳርም ይበቅላል። ሙዙ ጥቂት ሆኖ ጎመኑ ብቻ ከበዛ መልሱ ግልጽ ነው፦ ጎመኑ የበቀለው እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው።

በፈሳሹ ውስጥ ሙዙ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ነው። አልቡሚን የሚሠራው በጉበት እንጂ በአንጎል ስላልሆነ፣ በፈሳሹ ውስጥ ሲበዛ የኬላውን መላላት ያሳያል። ጎመኑ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ ነው። ይህ የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን የሚሠራው ፕሮቲን በደም ውስጥም ይገኛል፤ መከላከያ ሕዋሳት ኬላውን አልፈው ከገቡ ግን እዚያው አንጎል አካባቢም ይመረታል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከጀርባ ውኃና ከደም ሁለቱን ፕሮቲኖች ለክቶ ያነጻጽራል። ከጀርባ ውኃ ጋር ደምም የሚወሰደው አንዱ ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤልቪን ካባት ይህን መንገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ የፈሳሹን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል እየለያየ በማየት ነው።

ይህ ምን ይጠቅማል? መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው፣ የመከላከያ ሥርዓቱ የራሱን የነርቭ ሽፋን በሚያጠቃበት በሽታ፣ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ፈሳሽ ውስጥ እዚያው የተመረተ አንቲቦዲ ይገኛል። ቂጥኝ ሳይታከም ቆይቶ ወደ ነርቭ ሲገባም እንዲሁ ነው።

መልእክተኞቹ

ሌላም ዓይነት ፕሮቲን አለ። የመከላከያ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚጠራሩባቸው መልእክተኛ ፕሮቲኖች ሳይቶካይን ይባላሉ። አንዱ "ኑ፣ እዚህ ጠላት አለ" ይላል፤ ሌላው "በርቱ፣ ግደሉ" ይላል፤ ሌላው ደግሞ "በቃ፣ ረጋ በሉ" ይላል። ኢንተርፌሮን ጋማ "በርቱ" ከሚሉት አንዱ ነው። ይህን መልእክት የሰሙ ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት ይቆጡና ኒዮፕቴሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ኒዮፕቴሪን ራሱ ፕሮቲን አይደለም፤ የሕዋሳቱን ቁጣ የሚያሳብቅ ምልክት ነው።

ሳይቶካይንን መለካት እስካሁን በአብዛኛው የምርምር ሥራ ነው። በየሐኪም ቤቱ የሚሠራው የሕዋስ ቆጠራ፣ የጠቅላላ ፕሮቲንና የስኳር ልኬት፣ እንዲሁም ተህዋሲውን ራሱን ፍለጋ ነው። ለምሳሌ በባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ስኳሩ ይቀንሳል። የአንጎል ሽፋን ቲቢም ፕሮቲኑን ከፍ፣ ስኳሩን ዝቅ ያደርጋል። ልብ በሉ፣ የፕሮቲን መብዛት እንደ ጭስ ነው። እሳት መኖሩን ይነግረናል፤ እሳቱን ማን እንደለኮሰው ግን ለብቻው አይነግረንም።

ዝም ያለው ፈሳሽ

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። ፈሳሹ ተቀዳ። ኩልል ያለ ነበር። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ጥቂት፣ ፕሮቲኑም ከልኩ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። እኔ ውስጤ "ይኸው፣ ምንም የለበትም፤ በከንቱ ወጉት" አለ።

ባለሙያው ግን አልቆመም። ከፈሳሹ ጠብታ ወስዶ ኢንዲያ ኢንክ ከተባለ ጥቁር ቀለም ጋር ቀላቀለና በማይክሮስኮፕ አየ። በጥቁሩ መሃል ነጭ ቀለበት ያላቸው ክብ ክብ ነገሮች ሞልተውታል። ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ ነበር። ይህ ፈንገስ በአፈርና በወፍ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ይቋቋመዋል። የመከላከያ አቅሙ በጣም የተዳከመ ሰው ሲሆን ግን አንጎል ድረስ ይዘልቃል።

አጎቴ ያን ሰሞን የኤች አይ ቪ ምርመራ ተደርጎለት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ሲዲ ፎር የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳቱ እጅግ አንሰው ነበር። ፈሳሹ ዝም ያለው ለዚህ ነው! ጠላት ስለሌለ አልነበረም፤ ወታደር ስለሌለ ነው። ዘበኛው ከወደቀ ሌባ ያለ ጩኸት ይሠራል።

ይህ የአጎቴ ነገር ብቻ አይደለም። በታይላንድ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከኤች አይ ቪ ጋር ይህ ፈንገስ ከያዛቸው ሕመምተኞች መካከል በጀርባ ውኃቸው ውስጥ ኢንተርፌሮን ጋማ ከፍ ያለላቸው ፈንገሱን ቶሎ ያጸዱ ነበር። ቆይቶ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ ሲጨመርላቸው ፈንገሱ ከፈሳሹ ቶሎ ጸዳ። ስለዚህ እነዚህ ፕሮቲኖች መብዛታቸው ሁልጊዜ ክፉ፣ ማነሳቸውም ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ተያይዘው ነው የሚነበቡት።

ኤች አይ ቪ እና አንጎል

ኤች አይ ቪ አንጎል የሚደርሰው በመጨረሻ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ገና በተያዙ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ቫይረሱ ሰው ከተያዘ ከ8 ቀን በኋላ ጀምሮ በጀርባ ውኃ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። የብግነት ምልክቶችም አብረው ከፍ ብለው ታይተዋል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ኤድስ አእምሯቸውን ባደከመባቸው ሰዎች ፈሳሽ ውስጥ ኒዮፕቴሪንና ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን ከፍ ብለው ይገኙ ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀመር እነዚህ ምልክቶች ይወርዳሉ። በአንዳንዶች ላይ ትንሽ ብግነት ይቀር ይሆናል፤ ቢሆንም መድኃኒቱ ለአንጎልም ትልቅ ጋሻ ነው።

ከመከላከያ ፕሮቲኖች ጎን ለጎን ተመራማሪዎች ኒውሮፊላመንት የተባለውንም ይለካሉ። ይህ የነርቭ ክር የሚዋቀርበት ፕሮቲን ስለሆነ፣ ነርቭ ሲጎዳ ወደ ፈሳሹ ይፈስሳል። የመከላከያ ፕሮቲኖቹ ጠብ መኖሩን ሲናገሩ ኒውሮፊላመንት ደግሞ በጠቡ ምን እንደፈረሰ ይናገራል።

"ልክ" የማን ልክ ነው?

አንድ ጥያቄ ላንሳ። "ከልኩ በላይ"፣ "ከልኩ በታች" ስንል ልኩ በማን ላይ ተለካ? እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለበት ግቢ ይሠራ ነበር። በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችንም ለዓመታት ተከታትሏል። የፕሮጀክቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በእኛ ሰዎች ደም ውስጥ ገና ጠላት ያላዩ ሲዲ ፎር ሕዋሳት አንሰው፣ የነቁ ሕዋሳት ደግሞ በዝተው አገኙ። ጥናቱ የተሠራው በደም ላይ እንጂ በጀርባ ውኃ ላይ አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ልክ ሁሉ በእኛ ላይ በቀጥታ አይሰፋም። ከእናንተ መካከል ወደፊት ተመራማሪ የሚሆን ካለ፣ ይኸው ሥራ ይጠብቀዋል።

አጎቴ ዛሬ

አጎቴ ፍሉኮናዞል ተጀመረለት። ፈንገሱ የፈሳሹን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ፣ በተደጋጋሚ ከጀርባው ውኃ ይቀዳለት ነበር። ባይገርማችሁ፣ ያ የፈራነው መርፌ ራስ ምታቱን የሚያስታግስለት ሆነ! "ዛሬስ አይቀዱልኝም እንዴ?" እያለ ራሱ ይጠይቅ ጀመር።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ግን ወዲያው አልጀመሩለትም። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ ለተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲቆይ ይመክራል። ለምን? መከላከያው በድንገት ሲነቃ በአንጎል ውስጥ ከባድ ብግነት ሊያስነሳ ስለሚችል ነው።

አጎቴ ዳነ። የግራ ዓይኑ ግን ጠፋ፤ ቀኙም ደክሟል። ጆንያ መሸከም ቀረና በአንድ በረት ሽንኩርት መልቀም ያዘ። በሦስቱ ቀናት ምክንያት ይሁን፣ ከዚያ በፊት ባለፉት ሳምንታት ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። እኔ ግን ሦስቱን ቀናት አልረሳኋቸውም። የላቦራቶሪ ትምህርት የመረጥኩትም በእነሱ ነው። አንድ ቀን ይቅርታ ስጠይቀው "አንተማ ልጅ ነበርክ። እኔ ነኝ እንጂ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ 'ቢገኝብኝ ማን ጆንያ ያሸክመኛል?' ብዬ ሳልመረመር የቀረሁት" አለኝ። እስቲ አስቡት፤ ዓይኑን ያሳጣው ፈንገሱ ብቻ ነው? የእኛ መገለልና ወሬስ?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዛሬ ሁኔታው ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ሲዲ ፎራቸው ከ100 በታች ለሆነ ሰዎች ሁሉ፣ የፈንገሱን ምልክት በደም ምርመራ አስቀድሞ መፈለግ እንደሚገባ ይመክራል፤ እስከ 200 ላሉትም ሊታሰብ እንደሚችል ይጠቁማል። ምልክቱ አንጎል ከመታመሙ ከሳምንታት በፊት በደም ውስጥ ሊታይ ይችላልና። ሕክምናውም አጥሯል። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው አምፎቴሪሲን ከሚዋጡ መድኃኒቶች ጋር ሆኖ በቂ መሆኑን አሳይቷል።

ከእናንተ የሚጠበቀው ግን ቀላል ነው። በቤታችሁ ለቀናት የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የማጅራት መገተር፣ ብርሃን መፍራት፣ ሁለት ሆኖ መታየት፣ መቀባዠር ወይም ማንቀጥቀጥ ያለበት ሰው ካለ "ምች ነው" ብላችሁ አትቆዩ፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሐኪሙ ከጀርባ ውኃ ይቀዳ ካለ፣ ያልገባችሁን ሁሉ ጠይቁ። ለምን? የት? ምን ጉዳት አለው? መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ ግን ለእናታችሁ የምትነግሩት የሰማችሁትን ወሬ ሳይሆን ያወቃችሁትን ይሁን። በብዙ ቤት የሚታመነው የተማረው ልጅ ነውና።

ኤች አይ ቪንም በጊዜ ተመርመሩ። ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱ በጊዜ ከተጀመረ ዘበኛው አይወድቅም፤ ፈሳሹም እንዲህ ያለውን ክፉ ዝምታ አያይም።

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።